እርሾውስ አለ፣ ዱቄቱስ?

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በጠርሙስ እየተሸጠ የዓሣ ገንዳ ውሃን በሚያጠራ ባክቴሪያ። ተክል ያለበት የዓሣ ገንዳ ለመጀመር የተነሳ ሁሉ ወይ ጠርሙሷን ይዟል፣ ወይ ከአዲስ አበባ የሚያመጣለት ሰው እየጠበቀ ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ገዝቼ አሸዋውን አነጠፍኩ፣ ተክሉን ተከልኩ፣ ባክቴሪያውንም በታዘዘው ልክ ጨመርኩ። ጠርሙሱ ላይ «ዓሣ ወዲያው ማስገባት ይቻላል» ይላል። ነገ ስድስት ጉፒ ላስገባ? (ሸዋ በር፣ ደሴ)

መልስ፦ አታስገባ። እናትህ ሊጡ ላይ እርሾ ጨምራ በዚያው ሰዓት ምጣድ ትጥዳለች? ጠርሙሱ እርሾ ነው። እርሾ ዱቄት እንደሚፈልግ ሁሉ ይህ ባክቴሪያ ደግሞ አሞኒያ ይፈልጋል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ ዓሣ በስንጥቡ ያወጣዋል፤ የተረፈ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም እንዲሁ። አንደኛው የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግደዋል። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል፤ እሱ እምብዛም አይጎዳም፣ ተክሉም ይመገበዋል። ሁለቱም ወገኖች በፊልተሩ ስፖንጅና በአሸዋው ላይ ተጣብቀው እስኪበዙ ጊዜ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ዓሣ ሳይገባ ባክቴሪያውን መግበው። አሞኒየም ክሎራይድ ካገኘህ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪሆን ጨምር፤ ካላገኘህ በየቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣልና ይበስብስ። ከዚያ አሞኒያውንና ናይትራይቱን በውሃ መመርመሪያ መለኪያ ለካ። የጨመርከው 2 ሚሊግራም በ24 ሰዓት ውስጥ አልቆ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲያሳዩ ግማሹን ውሃ ቀይርና ሁለት ወይም ሦስት ጉፒ አስገባ። ስድስቱን አንዴ አይደለም። ያለ ጠርሙስ ይህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ሕይወት ያለው ጠርሙስ ሳምንታት ይቆጥብልሃል። ገንዘብህ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ግን ጠርሙሱን ትተህ መለኪያውን ግዛ።

«ሕይወት ያለው» ያልኩት በምክንያት ነው። እኔ የመጀመሪያዋን ጠርሙሴን ያመጣሁት ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ በተጫነ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ጣርማበርን በብርድ አለፍን፣ ሸዋ ሮቢት ምሳ ስንበላ ሻንጣው ፀሐይ ላይ ነበር፣ ከሚሴም አልቀለላትም። ደሴ ደርሼ ስከፍታት ሽታዋ ከቤት አስወጣኝ። ያም ሆኖ ገንዳው ውስጥ ደፋኋት፣ በማግስቱም አራት ዓሣ ጨመርኩ። በስድስተኛው ቀን አንዱም አልነበረም። ጥፋቱ የጠርሙሱ ብቻ አይደለም፤ መለኪያ አልነበረኝም። እናንተ ቢያንስ በእጅ ቦርሳ ያዟት፣ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፣ ከመጨመራችሁ በፊት በደንብ ናጧት። አንዳንዱ ጠርሙስ ደግሞ ጭቃና ቆሻሻ የሚበላ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ነው ያለው፤ አሞኒያን አይነካም። ናይትራይትን ጭምር እንደሚያስወግድ በግልጽ ያልጻፈውን አልገዛም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ያለው ኮምቦልቻ ነው። አንዱን ጠርሙስ ተካፍለን በአንድ ቀን ጀመርን። የእሱ ገንዳ በ12 ቀን አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆነለት፣ የእኔ በሦስተኛው ሳምንትም ናይትራይት ያሳያል። ውሃችን ነው? (ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ውሃው ሳይሆን ብርዱ ነው። የኮምቦልቻ ሊጥ ቶሎ ይቦካል፤ ደሴ ላይ በክረምት ጋቢ ደርበሽለትም ይለግማል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ትጠጋለች። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚወዱት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው፤ ውሃው ወደ 18 ሲወርድ ፍጥነታቸው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ሂተር አስገቢና 26 ላይ አቁሚው፤ ዓሣ ስለሌለ ማንንም አይጎዳም።

ሌላም አለ። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ናይትሬት እስኪሆን አራት ግራም ተኩል ያህል ኦክስጅን ይበላል። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የአየር ፓምፑን ሌሊት አታጥፊው። የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ፒኤችም ለኪ፤ ከ6.5 በታች ከወረደ ባክቴሪያው ይደክማል። ሌላ ጠርሙስ ግን አትግዢ። ናይትራይት ታየ ማለት የመጀመሪያው ወገን ሥራ ጀምሯል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ምንጊዜም ዘግይቶ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ አሞኒያ የሚሸጥ አጣሁ። ቤት ዩሪያ ማዳበሪያ አለ፣ እሱን ብጠቀምስ? (ቦሩ ሜዳ)

መልስ፦ ብልህ ጥያቄ ነው፣ ግን እሳት ትነካለህ። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። አንድ ግራም ብቻ በ100 ሊትር ውሃ ውስጥ ሲፈርስ በሊትር ከ5 ሚሊግራም በላይ አሞኒያ ይወጣዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ደግሞ ወደ 4 ግራም ይጠጋል፤ ያ ባክቴሪያውን ራሱን ያፍነዋል። ክፋቱ፣ ዩሪያው እስኪፈርስ መለኪያው አያየውም። «ምንም የለም» ብለህ ትደግማለህ፣ በሳምንቱ ጉድ ይፈላል። የወርቅ ቤት ሚዛን ከሌለህ የዓሣ ምግቡ ይሻልሃል። ዳፕ ማዳበሪያ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ፎስፌቱ ገንዳህን በአልጌ ያለብሰዋል።

ጥያቄ፦ ባክቴሪያውን በጨመርኩ በሦስተኛው ቀን ውሃው እንደ አጓት ሆነ። ልድፋው? (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አትድፋው። በምግብ ፍርፋሪ ላይ የተራቡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። የምትጥለውን ምግብ ቀንስ፣ አየር ጨምር፤ በራሱ ይጠራል።

ጥያቄ፦ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የምጠቀመው ከሮቶ ነው። ክሎሪኑ ባክቴሪያውን አይገድለውም ወይ ልጄ? ገንዳውን የሚንከባከበው ልጄም የተክሉ ቅጠሎች እየቀለጡ ነው ብሎ ተጨንቋል። (ፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ ይገድለዋል እናቴ፤ ክሎሪን የተሠራው ለዚያው ነው። ሮቶው ክዳን ስላለው ውሃው እዚያ ሰነበተ ብለው አይመኑት። ከዋዜማው በባልዲ ቀድተው አፉን ከፍተው ያሳድሩት፤ ሁለት ሌሊት ቢሆን ይመረጣል። የአየር ፓምፕ ካስገቡበት ደግሞ ይፈጥናል። የፊልተሩን ስፖንጅ ግን በቧንቧ ውሃ እንዳያጥቡት። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃዋል። ልጅዎ የሚቀልጡት ቅጠሎች ያሳሰቡትም በከንቱ ነው። ተክሉ ብዙ ጊዜ የሚያድገው ከውሃ ውጪ ስለሆነ ሲጠልቅ አሮጌው ቅጠል ይረግፋል፣ አዲሱ ይወጣል። የረገፈውን ያንሱለት። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የሚባሉት ተክሎች ካሉት ግን ወፍራም ግንዳቸውን አሸዋ ውስጥ አይቅበረው፤ ይበሰብሳል፤ ከድንጋይ ጋር በክር ይሰራቸው።

ጥያቄ፦ መብራት ለስድስት ሰዓት ቢጠፋ ባክቴሪያው ያልቃል? (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ የስፖንጅ ፊልተር ከሆነ አያልቅም፤ ውሃው ውስጥ ስላለ ይተነፍሳል። የሚያሰጋው ከገንዳው ውጪ የሚቀመጠው ባለክዳን ፊልተር ነው፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል። ክፈትና ስፖንጁን አውጥተህ ገንዳው ውስጥ አንሳፍፈው። መብራት ሲመጣ በውስጡ የቀረውን ውሃ ደፍተህ ግጠመው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ሐይቅ እሄዳለሁ። ከዳር ተክል ነቅዬ ባመጣ ባክቴሪያውም አብሮ አይመጣም? ጠርሙስ ምን ያደርግልኛል? (አራዳ፣ ደሴ)

መልስ፦ ባክቴሪያውስ ይመጣል፤ ከሱ ጋር ግን ትሉ፣ አልቅቱ፣ የዓሣ በሽታውም ይመጣሉ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎችም የሚወዱት እንዲህ ያለውን የረጋ ውሃ ዳርና የውሃ ተክል ነው። በነጻ ባክቴሪያ ከፈለግክ ገንዳው የቆየና ዓሣው ጤነኛ የሆነ ጓደኛህን ቁራጭ ስፖንጅ ለምነው። እርጥብ እንዳለ አምጥተህ ፊልተርህ ውስጥ ክተተው፤ እርሾ ከጎረቤት ነው የሚወሰደው። ከጠርሙሱም የሚበልጥ ነው።

የገንዳህንም ተክል ወደ ሐይቁ እንዳትወስድ። እምቦጭ ጣና ላይ ያደረገውን አይተናል። የከረከምከውን ቅጠል ፀሐይ ላይ አድርቀህ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣለው። ሐይቅ ከደረስክ ዓሣውን ተጠብሶ ብላው፣ ተክሉን ግን እዚያው ተወው።