አዋላጇን ጠይቁ፦ ከመጨረሻው የወር አበባ እስከ ምጥ

ሲስተር፦ እንደምን ዋላችሁ። በባሕር ዳርና በዙሪያዋ በአዋላጅ ነርስነት 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እመልሳለሁ። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር። ስትጠይቁ ስንት ሳምንት እንደሆናችሁ ጻፉ። ሁለተኛው፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ደም ወይም የእንሽርት ውኃ መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የልጅ እንቅስቃሴ መቀነስ ያላት ሴት እዚህ አትጻፍ። ወደ ጤና ተቋም ትሂድ።

የሽምብጧ፦ ሲስተር፣ የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው። የመጨረሻው የወር አበባዬ ጥር 20 ጀመረ። ካርዴ ላይ የተጻፈው የመውለጃ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ግራ ገባኝ። በእኛ እንዴት ይቆጠራል?

ሲስተር፦ ተባረኪ፤ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። እርግዝና የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ 280 ቀን ነው። የፈረንጆቹ ወር አንዱ 28፣ አንዱ 31 ስለሆነ ሦስት ወር ወደ ኋላ ሄደው ሰባት ቀን ይጨምራሉ። የእኛ ወር ግን ሁሉም 30 ነው። ዘጠኝ ወር 270 ነው፣ ዐሥር ሲጨመርበት 280። እንዲህ የተመቸ አቆጣጠር እያለን በሰው ወር መሰቃየታችን ያናድደኛል።

ስሕተቱ የሚመጣው በጳጉሜን ነው። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 20 ባለው ጊዜ ያየች ሴት ጳጉሜን ሳይገባ ቀኗ ይደርሳል፤ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ትቁጠር። መስከረም 12 ያየች ሰኔ 22 ትጠብቃለች። ከኅዳር 21 እስከ 25 ያየችው ቀኗ እዚያው ጳጉሜን ውስጥ ይውላል። ከዚያ በኋላ ያየችው ግን ጳጉሜንን ተሻግራ ነው የምትወልደው፤ ስለዚህ አምስት ቀን ትቀንሳለች፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት። የአንቺ ጥር 20 ዘጠኝ ወር ሲሆነው ጥቅምት 20 ነው፤ ዐሥር ጨምሪ፣ አምስት ቀንሺ፤ ጥቅምት 25። ዘመነ ሉቃስ ከሆነ 24።

ይህ የወር አበባሽ በየ28 ቀኑ ለሚመጣ ነው። የሚዛባብሽ ከሆነ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አልትራሳውንድ ተነሺ። በስምንተኛው ወር የታየ አልትራሳውንድ ቀን ሲናገር በሳምንታት ሊስት ይችላል። ደግሞም በቀኑ ካልወለድሽ አትደንግጪ፤ ከ37 እስከ 42ኛው ሳምንት ብዙ ሴት ትወልዳለች። 41ን ስታልፊ ግን ቤት አትቀመጪ።

ሰንበቴ፦ ይቅርታ ሲስተር፣ እኛ የምናውቀው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው።

ሲስተር፦ እርሱ ከፅንሰቱ ነው የሚቆጠረው፤ ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29፣ አምስቱም ቀን ራሷ ጳጉሜን ናት። እኔ የምቆጥረው ከወር አበባ ነው፤ ፅንሱ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው የሚያዘው። አንጣላም።

የቀበሌ 14፦ ከተጋባን ስድስት ወር ሆነን፣ ፅንስ አልያዘም። ዕድሜዬ 27 ነው። ባለቤቴ እርሱ ጤነኛ እንደሆነ፣ ችግሩ የእኔ እንደሆነ ይናገራል።

ሲስተር፦ በምን አወቀ? ተመርምሯል? ከ35 ዓመት በታች ለሆነች ሴት አንድ ዓመት ይጠበቃል፤ 35 ካለፈች ስድስት ወር። ምርመራው ሲጀመር የእርሱም የዘር ፈሳሽ አብሮ ይታያል፤ ቀላሉ ምርመራም የእርሱ ነው። አንቺ ግን ዛሬውኑ ፎሊክ አሲድ ጀምሪ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም። የልጁ አንጎልና ሕብለ ሠረሰር የሚወጡበት ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል። ያን ጊዜ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። በሦስተኛው ወር የምትጀምረው ለዚህ አትደርስም።

አባ ወራ፦ ወንድ ልጅ እንዲሆን የሚረዳ ምግብ አለ?

ሲስተር፦ የለም። ጾታውን የሚወስነው የአባት ዘር ነው። ቀጣይ።

የግሽ ዓባይ፦ 18 ሳምንት ነኝ። ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝ የብረት ኪኒን ሰገራዬን ስላጠቆረው ፈርቼ ተውሁት።

ሲስተር፦ የሚያጠቁረው ብረቱ ነው፤ አትፍሪ፣ ዛሬ ማታ ጀምሪ። ማቅለሽለሽ ካለሽ ከመኝታ በፊት ዋጪው። ድርቀት ካለሽ ውኃና አትክልት አብዢ። ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አይሆንም፤ ብረቱን ይዘውት ወደ ሆድሽ ይሄዳሉ እንጂ ወደ ደምሽ አያሳልፉትም። ሁለት ሰዓት አራርቂው። ብርቱካን ወይም ሎሚ ግን ያግዘዋል። ቡናሽን ደግሞ ከሦስቱ ዙር አቦሏ ላይ አቁሚ። ጤና አዳም የሚጨመርበት ከሆነ በእርግዝና ጊዜ ቅጠሏን ተዪአት። ኮሶም እንዲሁ፤ አስወርዶ ያመጣቸውን ሴቶች አይቻለሁ።

የዘጌ ቡና፦ ሲስተር፣ ዘጌ ተወልዶ ሁለት ሰዓት ያለ ቡና?

ሲስተር፦ እንዴት እንደምትችዪው አንቺ ታውቂያለሽ።

ስም የለኝም፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ምን ልብላ?

ሲስተር፦ ስንት ሳምንት?

ሐይቅ ዳር፦ ልብስ የማጥበው ከሐይቁ ነው። ቢልሃርዚያ አለብሽ ተባልሁ። 22 ሳምንት ነኝ።

ሲስተር፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስላለፉ መድኃኒቱ ይሰጥሻል፤ ስትሄጂ ነፍሰ ጡር መሆንሽን ተናገሪ። የሐይቁን ውኃ ቀድተሽ ሁለት ቀን አሳድሪው፣ ቆመሽበት አትጠቢ። አጎበር ውስጥ ተኚ፤ በእናንተ በኩል ወባ አለ።

ወለተ ማርያም፦ 27 ሳምንት ነኝ፤ ሁዳዴን እየጾምሁ ነው። ይጎዳኛል?

ሲስተር፦ ጾሙን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ለነፍሰ ጡር የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው። የእኔ ድርሻ ደምሽ ነው። ሄሞግሎቢንሽ ከ11 በታች ከሆነ ንገሪያቸው። ምስር፣ ሽንብራ፣ ጎመን፣ ሱፍ ሳታቋርጪ ብዪ። ከተፈቀደልሽ የጣና ዓሣ ደጅሽ ነው፤ በደንብ የበሰለ ይሁን።

ሰንበቴ፦ ዓሣ በሁዳዴ? ሲስተር፣ ይህስ አልተገባም።

ዓሣ አስጋሪው፦ ዓሣ ደም የለው። አባቶቻችን እዚሁ ሐይቅ ዳር ሲበሉ ነው የኖሩት።

ሰንበቴ፦ ቀረሶ ደም የለውም? አርደህ አታውቅም ማለት ነው።

ዓሣ አስጋሪው፦ ሃያ ዓመት አርጃለሁ። መጽሐፉን አንብብ።

ሰንበቴ፦ የትኛውን መጽሐፍ?

የዘጌዋ፦ 34 ሳምንት ነኝ። እግሬ አብጧል፣ ያው የተለመደ ነው። ከትናንት ጀምሮ ግን ራሴን ያመኛል፤ ፀሐይ መስሎኛል። ጣቴም ቀለበት አላስገባ ብሏል።

የዘጌ ቡና፦ ጨው ቀንሺ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ፤ ለእኔ ሠርቶልኛል።

ዓሣ አስጋሪው፦ ደሴቶቹ ላይ ያሉትን መነኮሳት ጠይቅ።

ሰንበቴ፦ መነኮሳቱ ሥጋም ዓሣም አይበሉም! ምን ልጠይቃቸው?

የግሽ ዓባይ፦ ሲስተር፣ የእኔ የወር አበባ ኅዳር 28 ነበር። መስከረም 3 ነው?

ሲስተር፦ መስከረም 3፣ ትክክል። ዘጠኝ ወር ቢሆነው ነሐሴ 28፣ ዐሥር ቢጨመር

ሲስተር፦ ቆዩ። የዘጌዋ፣ አሁን ነው ያየሁሽ። ከጻፍሽ 40 ደቂቃ ሆኗል። ሰዎቹ ስለ ዓሣ ደም ይከራከራሉ፣ እኔ ጳጉሜን እቀንሳለሁ፣ አንቺ መሐል ላይ። ስሚኝ፤ ይህ ፀሐይ አይደለም። አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ብቻሽን አትሂጂ። «ራሴን ያመኛል፣ እጄ አብጧል፣ 34 ሳምንት ነኝ፤ ግፊቴን ለኩልኝ፣ ሽንቴን እዩልኝ» በዪ። ዓይንሽ ብዥ ካለ ወይም ከጎድን አጥንትሽ ሥር ካመመሽ እርሱንም ንገሪ። እስክትመልሺልኝ የሌላ ሰው ጥያቄ አላይም።

ጨው ቀንሺ ያልሻት እኅቴ፣ እባክሽ። የእግር ማበጥ ብቻውን በመጨረሻዎቹ ወራት ብዙ ሴት ላይ አለ፤ ፊትና እጅ ሲጨመር፣ ራስ ምታት ሲጨመር ሌላ ነገር ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ ፕሪኢክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ግፊት ሕመም ይዟታል። ካልተደረሰላት ያንዘፈዝፋታል፤ እናትም ልጅም ሊሞቱ ይችላሉ። ጤና ተቋም ከደረሰች ግን ማንዘፍዘፉን የሚከላከለው ማግኒዚየም ሰልፌት አለ፣ የግፊት መድኃኒት አለ። ጨርሶ የሚያድናት ልጁንና እንግዴ ልጁን መገላገል ነው፤ መቼ እንደሚሆን የሚወሰነው በሳምንቱ ነው። ለዚህ ነው ከጠዋት ጀምሮ ቀን ቁጠሩ የምለው። 34 ነው ወይስ 37 የሚለው ለዚያች ሴት ትልቅ ልዩነት ነው።

ስለ ልኬቱም ልናገር። ተቀምጣ፣ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን ሳታነባብር፣ አምስት ደቂቃ ዐርፋ፣ ክንዷ በልቧ ትይዩ ሆኖ ነው የሚለካው። ከጋቢና ከሹራብ ላይ አይለካም። ጀማሪ ሳለሁ ወረፋው በዝቶብኝ አንዲቷን ከሹራብ ላይ ለክቼ ደህና ነሽ ብዬ ሸኝቻለሁ። ትልቋ አዋላጅ ከበሩ መልሳ አስወልቃ ስትለካት 160 ነበረች። እንግዲህ ከቸኮለ ባለሙያ ፊት ስትቀመጡ እጅጌያችሁን ራሳችሁ ሰብስቡ።

ሰንበቴ፦ ይቅርታ ሲስተር። ዓሣውን ትተነዋል።

ሲስተር፦ ደህና።

የዘጌዋ፦ ባለቤቷ ነኝ። 150 በ100 አሉ፤ ሽንቷም ፕሮቲን አለው። መርፌ ሰጥተዋት በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር እየላኩን ነው።

ሲስተር፦ ጎበዝ። ካርዷን ያዝ። በጎኗ ትተኛ። የወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን ታውቃለህ?

የዘጌዋ፦ ካርዱ ላይ የለም። እርሷ ነሐሴ አጋማሽ ትላለች፤ አልትራሳውንድ ግን በአራተኛ ወሯ ተነሥታለች፣ ወረቀቱ አለ።

ሲስተር፦ ያንን ወረቀት ከምንም በፊት ለሐኪሙ ስጥ። ስትደርሱ ጻፍልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ስም የለኝም፦ ሲስተር፣ ምን ልብላ እንዳልሁ ሳይመለስልኝ ቀረ።

ሲስተር፦ ስንት ሳምንት?