ፊድባክ የሚጻፈው ለሚቀጥለው ገዢ ነው

ልጆች፣ በኢንተርኔት መግዛትና መሸጥን ላስተምራችሁ ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ልክም ናችሁ። ስለ ፊድባክ፣ ገዢና ሻጭ ከተገበያዩ በኋላ አንዱ ስለ ሌላው በአደባባይ ስለሚጽፈው አስተያየት፣ ግን የምለው ትንሽ ነገር አለኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በኦዲተርነት ነው። ከዚያ ጎን ለጎን እዚህ ሜሪላንድ ተቀምጬ የአገራችንን የድሮ ቴምብርና ጠገራ ብር ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። አንድ መዝገብ ፊቴ ሲቀርብ መጀመሪያ የምጠይቀው የጻፈው ሰው ማንን ይፈራ ነበር ብዬ ነው። ፊድባክንም የማነበው እንደዚያው ነው።

ሰሞኑን አንድ የዘመድ ልጅ ደወለልኝ። ያገለገሉ ስኒከሮች ይሸጣል። የመጀመሪያውን ኔጋቲቭ፣ ማለትም ቀይ ምልክት ያለበትን መጥፎ አስተያየት፣ አገኘና «ጋሼ፣ ይሄ ፍትሕ ነው?» ይለኛል ተናዶ። ጫማውን ባለው ቀን ልኳል፤ መንገድ ላይ ዘገየ፤ ገዢው ቀዩን ለጠፈበት። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ቀላል ነው። በጊዜ መላኩን ትራኪንጉ (የዕቃው ጉዞ መከታተያ) ካሳየ፣ የዘገየው በአመላላሹ ከሆነ፣ ኢቤይን ጠይቆ ማስነሳት ይቻላል። ጠይቅ አልኩት። ንዴቱ ግን ከዚያ የሰፋ ነበር፤ «እሱ እኔን ያዋርደኛል፣ እኔ እሱን ምንም ማለት አልችልም» የሚል። ይሄ ደግሞ ታሪክ አለው።

ኢቤይ በ1995 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሲጀመር ስሙ ኦክሽንዌብ ነበር። የሠራው ፒየር ኦሚድያር የሚባል ፕሮግራመር ነው። የመጀመሪያው የተሸጠ ዕቃ የተበላሸ ሌዘር ፖይንተር ነው ይባላል፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም። ያን ጊዜ ሰው ቼክ ወይም መኒ ኦርደር ፖስታ ውስጥ ከትቶ ለማያውቀው ሰው ይልክና ዕቃው ይመጣል ብሎ ቁጭ ይላል። ጠብ ሲነሳ አቤቱታው ኦሚድያር ጋ ነው የሚሄደው። በ1996 መጀመሪያ ላይ ሰዉ እርስ በርሱ በአደባባይ እንዲመሰጋገንና እንዲካሰስ የፊድባኩን መድረክ ከፈተ። ፖዘቲቭ አንድ ይጨምራል፣ ኔጋቲቭ አንድ ይቀንሳል፣ ኒውትራል ባለበት ይተወዋል። ድምሩ ከስምህ አጠገብ ይቀመጣል፤ 10 ሲሞላ ቢጫ ኮከብ ይሰጥሃል። በቃ ይሄው ነው። በዚህች ነገር ላይ ተማምኖ ስንቱ ሰው ስንት ሺህ ዶላር እንደላከ ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል።

ችግሩ ሁለቱም ወገን መጻፍ መቻሉ ነበር። ለጆሮ ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? ገዢ ሻጭን ይመዝናል፣ ሻጭ ገዢን ይመዝናል። ግን ማን ይጀምር? ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ጨርሷል፤ የሱ ግዴታ አልቋል። ሻጩ ግን «እሱ ምን እንደሚልብኝ ልይ» ብሎ አድፍጦ ይጠብቃል። ገዢው የተሰነጠቀ ሲኒ ደርሶት እውነቱን ሲጽፍ፣ በማግስቱ እሱም ስም ላይ ቀይ ይለጠፋል፤ «ተጨቃጫቂ ነው፣ ከሱ ራቁ» ተብሎ። አራት ሺህ ፊድባክ ላለው ሻጭ አንድ ቀይ ምንም ማለት አይደለም። ሦስት ፊድባክ ላለው አዲስ ገዢ ግን ስሙ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ ሻጩ መልእክት ይልካል፦ አንተ ያንተን አንሳ፣ እኔም የኔን ላንሳ። ሁለቱም ያነሳሉ። ጽሑፉ ቢቀርም የሲኒው ስንጥቅ ከድምሩ ወጣ። ቁጥሩን ብቻ የሚያየው የሚቀጥለው ገዢ ምንም አያይም።

እዚህ ላይ ነው የተበደለው ማን እንደሆነ ማየት ያለባችሁ። ሁለቱ ታርቀዋል። ሦስተኛው፣ ገና ያልመጣው ሰው ነው የተበላው።

በ2008 ኢቤይ ይሄን ቆረጠው። ከዚያ ዓመት ግንቦት ጀምሮ ሻጭ ለገዢ ፖዘቲቭ ብቻ እንጂ ሌላ መስጠት አይችልም። ሻጮች አበዱ። በየካቲቱ ዕቃ አንለጥፍም ብለው አድማ ሁሉ መትተዋል። ቅሬታቸው ውሸት አልነበረም፤ ጨረታ አሸንፎ የሚጠፋ፣ ለብሶት መልሶ ሪፈንድ የሚል ገዢ ሞልቷል። ያም ሆኖ ለውጡ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ምክንያቱም የሻጩ ቀይ ለምስክርነት መዋሉ ቀርቶ አፍ መዝጊያ ሆኖ ነበር። ክፉ ገዢን መከላከያ ሌላ መንገድ አለ፦ ስሙን ብሎክ ማድረግ፣ ወዲያው ካልተከፈለ አልሸጥም ማለት፣ ለኢቤይ ሪፖርት ማድረግ። አንድ ነገር ግን እወቁ። የገዢ ቁጥር ዛሬ ስለ ጸባዩ የሚነግራችሁ የለም። ሊሰጠው የሚችለው ፖዘቲቭ ብቻ ከሆነ፣ አምስት መቶ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ገዝቷል ማለት ነው፤ በቃ።

አሁን ወደ ገዢው ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ ገዢ ናችሁና።

በድሮው የኢቤይ መረጃ ላይ ጥናት ሲሠራ፣ ከገዢዎቹ ፊድባክ የጻፉት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከተጻፈውም ኔጋቲቩ 1 በመቶ አይሞላም። እንግዲህ ዓለም ላይ 99 በመቶ የሚሆን ደስተኛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያልተደሰተው ዝም ብሏል ማለት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ በዚህ ላይ ይሉኝታ አለበት። የአገር ልጅ የሸጠለት በርበሬ ድንጋይ ቢያወጣ «ሆድ ይፍጀው» ይላል እንጂ አይጽፍም። ስልክ ደውሎ ለአክስቱ ይነግራል። ስለዚህ ሻጩ ስም አጠገብ 98 በመቶ ፖዘቲቭ የሚል ስታዩ «ጥሩ ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ ሁሉም 99 እና 100 በሆነበት ሰፈር 98 ዝቅተኛ ነው። ቁጥሩን ተዉትና ቀዮቹንና ግራጫዎቹን (ኒውትራሎቹን) ክፈቱ። ምን ብለው ነው የጻፉት? አንድ ዓይነት ነገር ደጋግመው ይላሉ? ሻጩስ ምን ብሎ መለሰ? እኔ አንዳንዴ ዕቃውን ትቼ የሻጩን መልስ ብቻ አንብቤ እወስናለሁ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ከራሴ ሰፈር። ማርያ ቴሬዛ የሚባለውን ጠገራ ብር ታውቁታላችሁ፤ አያቶቻችን የተገበያዩበት። ሁሉም ላይ 1780 ተብሎ ተጽፏል፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላም ያው ዓመተ ምሕረት ሳይለወጥ ቪየና ሲያትመው ኖሯል፤ በ1930ዎቹ ሮምና ለንደንም አትመውታል። እና አንድ ሻጭ «1780 ማርያ ቴሬዛ» ብሎ ለጥፎ፣ መቼ እንደታተመ ምንም ሳይል ሸጠ። ገዢው የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ብር ያዝኩ ብሎ ሲፈነድቅ ከርሞ የሚያውቅ ሰው ነገረው። «ሐሰተኛ! ሌባ!» ብሎ ቀይ ሰጠ። ሻጩም «ሳታነብ አትግዛ፣ ደንቆሮ» ብሎ መለሰለት።

ሁለቱን ተመልከቷቸው። ብሩ ሐሰተኛ አይደለም፤ መንግሥት ያተመው እውነተኛ ብር ነው። ሻጩ ግን ዝም በማለቱ አሳስቷል፤ 1780ን ርዕሱ ላይ ሲሰቅል ምን እያደረገ እንደሆነ የጠፋው አይመስለኝም። የሚቀጥለው ገዢ ከዚህ ስድድብ ምን ይማራል? ምንም። «ብሩ እውነተኛ ነው፤ በኋላ ዘመን የታተመ መሆኑ ግን አልተገለጸም፤ ስጠይቀው አልመለሰልኝም» ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ኒውትራል እንኳ ቢሰጠው፣ አንባቢው ሙሉውን ነገር ያገኝ ነበር። ለረጅም ዓመታት ቦታው 80 ፊደል ብቻ ነበር፤ በዚያችም ቢሆን ከስድብ የሚሻል ነገር መጻፍ ይቻል ነበር።

ስለዚህ ስትጽፉ የሆነውን ጻፉ። ምን አዘዝኩ፣ ምን ደረሰኝ፣ ስጠይቀው ምን አደረገ። መጀመሪያ ግን መልእክት ላኩለት፤ ብዙው ነገር እዚያው ያልቃል። ካስተካከለም ማስተካከሉን ጻፉለት፤ ይሄ ከ«ምርጥ ሻጭ!!!» በብዙ ይበልጣል። እና ገንዘብና ፊድባክን አትቀላቅሉ። «ግማሹን ካልመለስክልኝ ቀይ እሰጥሃለሁ» ማለት በኢቤይ ሕግ የተከለከለ ነው፤ በኔ ቤት ደግሞ ጉቦ ነው። ዕቃው ከተባለው ውጭ ከሆነ የገንዘብ ማስመለሻው መንገድ ሌላ ነው፤ በዚያ ሂዱ። ገንዘቡን መለሰላችሁ ብላችሁም የሆነውን እንዳልሆነ አድርጋችሁ አትጻፉ።

ሻጮች፣ የናንተ ነገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያለው ፖል ሬስኒክና ጓደኞቹ በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንድ የታወቀ የድሮ ፖስት ካርድ ሻጭ ተመሳሳይ ካርዶችን በራሱ ስምና በአዳዲስ ስሞች እንዲሸጥ አድርገው ነበር። በታወቀው ስም ሲሸጥ 8 በመቶ ያህል የበለጠ አገኘ። ካብራልና ሆርታቹ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች ደግሞ በ2010 እንዳሳዩት፣ የመጀመሪያው ኔጋቲቭ ሲመጣ በሳምንት 5 በመቶ እያደገ የነበረ ሽያጭ ወደ 8 በመቶ መቀነስ ይዞራል። የዘመዴ ልጅ እንቅልፍ ማጣቱ ያለ ነገር አይደለም ማለት ነው። ታዲያ መልሳችሁ አጭርና ቀዝቃዛ ይሁን። «በቀኑ ልኬያለሁ፣ ትራኪንጉ ይሄው፣ ለመዘግየቱ አዝናለሁ።» የምትከራከሩት ከከሳሹ ጋር እንዳይመስላችሁ፤ ነገ የሚያነበው ሰው ነው ዳኛው። ጓደኞቻችሁን በሳንቲም ዕቃ አስገዝታችሁ ፖዘቲቭ ማስለቀሙንም ተዉት። ኦዲተር ባይሆንም ሰው ያውቃል።

የተሻለ ሥርዓት የለም ወይ ትሉኛላችሁ። አለ። ኤርቢኤንቢ በሚባለው የእንግዳ ማረፊያ ቤት ማከራያ ድረ ገጽ ላይ ከ2014 ጀምሮ እንግዳውም አከራዩም ሳይተያዩ ይጽፋሉ፤ ሁለቱ ሲጨርሱ ወይም 14 ቀን ሲያልፍ ነው አብሮ የሚወጣው። አድፍጦ መጠበቅ የለም፣ በቀል የለም። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለቱንም ወገን ሳያፍን የሚሠራው ይሄኛው ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁት በቴሌግራም ነው የምትገበያዩት። እዚያ ደግሞ ፊድባክ ማለት ሻጩ ራሱ መርጦ የሚለጥፈው የምስጋና ስክሪንሾት ሆኗል። «እናመሰግናለን ማሬ፣ ደርሶኛል» የሚል፣ በልብ ምልክት የተሞላ። ያ ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ክፉ ነው አላልኩም፤ ብቻ በስሙ እንጥራው። የምትሸጡ ከሆነ የኮሜንት መስጫውን ክፍት ተዉት፣ የሚያስቀይመውንም አታጥፉት። የምትገዙ ከሆነ ኮሜንቱን ከዘጋ ሻጭ ላይ ቀድማችሁ ብር አታስገቡ፤ ዕቃው በእጃችሁ ገብቶ፣ ከፍታችሁ አይታችሁ፣ እዚያው ለአድራሹ ክፈሉ።