አሮጌውን ኮምፒውተር ፎርማት ከማስደረግሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ባሕር ዳር፣ ሸምብጥ ትንሽ ጽሕፈት ቤት አለሽ። አሮጌው ዴስክቶፕሽ ዊንዶውስ 7 ነው፤ አሁን ዊንዶውስ 11 ያለው ላፕቶፕ ገዝተሻል። ፋይሉም ፕሮግራሙም እንዳለ ወደ አዲሱ እንዲገባልሽ ትፈልጊያለሽ። አንድ ጥገና ቤት ደግሞ «ሲፒዩውን አምጪልኝ፤ በአንድ ቀን ሁሉንም አዛውሬ፣ አሮጌውን ፎርማት አድርጌ እኔው እገዛዋለሁ» ብሎሻል። ልስጠው ወይስ ይቅርብኝ ነው ጥያቄሽ።

ይቅርብሽ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማልና ታገሺኝ።

እኔም እዚሁ ከተማ ፔዳ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ስሠራ ኖሬአለሁ። ማሽንሽን ሳላየው ውስጡ ያለውን አውቀዋለሁ። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሰርግ ጥሪ፣ የማመልከቻ ዓይነት። ገሚሱ በዩኒኮድ (በዛሬው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ) የተጻፈ፣ ገሚሱ ደግሞ በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ። የዛሬው ምክሬ ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህች የድሮ ፎንት ላይ ነው። ባዛወርኩ ባለው ሁሉ ላይ መዘዝ ስታመጣ ያየኋት እሷን ነው።

1ኛ፦ ፕሮግራም እንደ ፋይል አይገለበጥም። ብዙ ሰው «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚለውን ፎልደር ኮፒ አድርጎ አዲሱ ላይ ፔስት ሲያደርገው የሚሠራ ይመስለዋል። አይሠራም። ፕሮግራም ሲጫን ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ይመዘገባል፤ አንዳንድ ፋይሎቹንም ሌላ ቦታ ያስቀምጣል። ስለዚህ አዲሱ ላይ እንደገና ትጭኛለሽ እንጂ አታዛውሪም። አሮጌው እየሠራ ሳለ ኮንትሮል ፓነል ግቢና የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ፈቃድ ተገዝቶለት የምትጠቀሚበት ካለ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፊ። አንዳንዱ አሮጌው ላይ ዲአክቲቬት ካልተደረገ (ፈቃዱ ከዚያ ማሽን ካልተነሣ) አዲሱ ላይ እሺ አይልም። ዊንዶውስ 7 ላይ ያለው ኢዚ ትራንስፈር ፋይልና ሴቲንግ እንጂ ፕሮግራም አያዛውርም፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ደግሞ እሱም ቀርቷል። «ሁሉንም እንዳለ አዛውራለሁ» ያለሽ ሰው እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው የማይሆን ነገር ነው ቃል የገባልሽ።

2ኛ፦ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ማንም ምንም እንዳይጭን። ይሄን በደንብ ልንገርሽ፤ እኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነውና።

የእኛም ዴስክቶፕ እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግረን አዲስ ገዛን። ወሩ ሰኔ ነበር፤ ተመራቂ ተማሪ በር ላይ ተሰልፎ ነው የሚውለው። ሥራ እንዳይቆም ብለን ለአንድ ጥገና ቤት ከፍለን ሰጠነው። ስሰጠው ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፦ «ፋይሉ አዲሱ ላይ ሲከፈት በዓይኔ ሳላይ አሮጌውን እንዳትነካው።» «ችግር የለም፣ ሥራችን ነው» አለኝ።

ማሽኖቹ ሲመለሱ አዲሱ ላይ ሁሉም ነገር ያለ ይመስላል። የደንበኞቻችን ስም ያለባቸው ፎልደሮች በየቦታቸው ተደርድረዋል። ስነካቸው ግን አንዱም አይከፈትም። የጥገና ቤቱ ልጅ ኮፒ ያደረገው ዴስክቶፕ ላይ ያሉትን ሾርትከቶች፣ ማለትም ወደ ፎልደሩ የሚመሩትን ምልክቶች ብቻ ነው። ዋናዎቹ ፎልደሮች ዲ ድራይቭ ላይ ነበሩ። የአሮጌው ዲ ድራይቭስ? ጠፍቷል። ሲ እና ዲ ተቀላቅለው አንድ ሆነዋል፣ ፎርማት ተደርገዋል፣ ዊንዶውስም ተጭኖባቸዋል።

ሄጄ ስጠይቅ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው «ደረሰኙን አንብበው!» አለኝ። ደረሰኙ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ለጠፋ ዳታ ኃላፊነት አንወስድም» ይላል። ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ «ባክአፕ መያዝ የደንበኛው ሥራ ነው» አለ። ገንዘብ የከፈልኩት እኮ ፋይሌን እንዲገለብጡልኝ ነው! ይቅርታ የሚል ቃል ከአንዳቸውም አፍ አልወጣም። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። እዚያ ውስጥ ከዘጌ በጀልባ እየተመላለሱ ያስጻፉኝ የአንድ መርጌታ ጽሑፍ ነበር። ወረቀቱን በአደራ ሰጥተውኝ፣ እኔ ጽፌ መልሼላቸው፣ «አንተ ጋ ይቀመጥ» ያሉኝ። የሰፈራችን የዕድር መዝገብም ነበር።

ማሽኑን ዳግም አልከፈትኩትም። አንቺም እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመሽ መጀመሪያ የምታደርጊው እሱን ነው፤ ማሽኑን ወዲያው አጥፊው። በፈጣን ፎርማት ጊዜ የሚጠፋው እንደ መጽሐፍ ማውጫው ነው፤ ገጾቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው አሉ። በከፈትሽው ቁጥር ግን ዊንዶውስ የሆነ ነገር ይጽፍበታል። ይህ ውስጡ ለሚሽከረከረው ለድሮው ሃርድ ዲስክ ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው አዲሱ ዓይነት) ከሆነ ዊንዶውስ ባዶ የተባለውን ቦታ ራሱ እንዲጸዳ ስለሚያዝ የመመለሱ ተስፋ በጣም አነስተኛ ነው።

ሃርድ ዲስኩን ነቅለን ከሳታ (ከሃርድ ዲስኩ መሰኪያ) ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ገመድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካነው። የዴስክቶፕ ትልቁ ዲስክ የራሱ የመብራት መስመር ስለሚፈልግ ገመዱን ስትገዢ አዳፕተር ያለውን ጠይቂ። ከዚያ ፎቶሬክ የሚባለውን፣ የጠፋ ፋይል ፈልጎ የሚያወጣ ነጻ ፕሮግራም አስነሳሁበት። ስሙ ፎቶ ቢልም የዎርድ ፋይልም ያወጣል። የሚያወጣውን በፍጹም እዚያው ዲስክ ላይ አታስቀምጪ፤ ሌላ ኤክስተርናል ላይ ይሁን። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ የፋይል መዓት አወጣ። ስም ግን የለም። ፎቶሬክ የፋይሉን ስም አይመልስም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠው።

ከፈትኳቸው። ውስጣቸው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ነው። ሌላ ጥገና ቤት ወስጄ ሳሳየው «ይሄ ሞቷል፣ ቫይረስ በልቶታል፣ አጥፋውና እረፍ» አለኝ። እኔ ግን የዎርዱን የፎንት ሳጥን አየሁ። የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ስም እዚያው ተጽፏል። ፎንቱ ማሽኑ ላይ ባይኖርም ዎርድ ስሙን ያሳያል። አንድ ወዳጄ ጋ ሄጄ ከአሮጌ ማሽኑ ፎንቱን በፍላሽ አመጣሁና ጫንኩት። ፋይሉን ዘግቼ ስከፍተው አማርኛው ቁልጭ ብሎ ወጣ። የዕድሩ ደንብ ነበር፣ ከነአንቀጹ። በዚያች ሌሊት የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። የመርጌታውንም አገኘሁት። ጠጋኞቹ ሞቷል ያሉትን እኔ በፎንት ብቻ አስነሣሁት፤ ከዚያ ወዲህ ፋይሉ ተበላሸ የተባለ የሰፈር ጸሐፊ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። በኮረል (በካርድ መሥሪያው ፕሮግራም) የሠራናቸው የሰርግ ካርድ ፋይሎች ግን ብዙዎቹ ተቆራርጠው ስለወጡ እንደገና ሠራናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢትዮጵያዊው ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች የላቲኑን ቦታ ተውሰው የእኛን ፊደል እዚያ ላይ ሳሉት። የኛ አገር ጽሕፈት ቤት ደግሞ ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም በድሮው ብዙ ዘመን ሠርቷል። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ «ሀ» ሆኖ የሚታይሽ ፎንቱ ስላለ ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት አዲስ ላፕቶፕ ላይ ስትከፍቺው የተበላሸ ይመስላል። ኮምፒውተር ተምሬአለሁ የሚል ሰው የገዛ ፊደሉን ታሪክ ሳያውቅ የሰው ልፋት «ቫይረስ ነው» ብሎ ሲያስጠፋ በጣም ያሳዝነኛል። ስንት ሰነድ እንዲህ እንደጠፋ እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ 3ኛው ፎንት ነው። ከምንም በፊት አሮጌው ላይ ሲ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ክፈቺና የአማርኛ ፎንቶቹን በሙሉ ወደ ፍላሽ ገልብጪ። አንድም እንዳትተዪ። 33ቱ ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ በአንድ የድሮ ፎንት ስለማይበቃ አንዳንዶቹ ለሁለት ከፍለውታል። አንዱን ይዘሽ ሌላውን ከረሳሽ ገሚሱ ቃል ይነበባል፣ ገሚሱ አይነበብም። አዲሱ ላይ ፎንቱን በቀኝ ክሊክ ለሁሉም ተጠቃሚ ጫኚው። የድሮው መጻፊያ ፕሮግራም ራሱ ዊንዶውስ 11 ላይ ላይነሣ ይችላል፤ 16 ቢት የሆነ ፕሮግራም እዚያ ጨርሶ አይሠራም። ፎንቱ ካለ ግን ማንበብና ማተም ትችያለሽ።

በጣም የምትሳሺላቸውን ሰነዶች አሮጌው ላይ እያለሽ ፒዲኤፍ አድርጊያቸው። ፒዲኤፉ አብዛኛውን ጊዜ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት ይነበባል። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ቀይሪ፣ ግን ዋናውን አትሰርዢ፤ ቁጥርና ነጥብ ላይ ሲስቱ አይቻለሁ። ደግሞ በዩኒኮድ ኪቦርድ «ዘጌ» ብለሽ ብትፈልጊ በድሮው ፎንት የተጻፈውን ፋይል አያገኝልሽም። ስለዚህ የፋይሎችሽ ስም በደንብ የሚለይ ይሁን።

ግልበጣው ራሱ ከባድ አይደለም። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዢ። በኢንተርኔት ላሳልፍ አትበይ፤ ጉግል ድራይቭ በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ብቻ ነው፣ የዳታው ወጪ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ኮፒ አድርጊ እንጂ ካት አታድርጊ። መብራታችንን ታውቂዋለሽ፤ ካት እያደረግሽ መሃል ላይ ቢሄድ የቱ ተዛወረ የቱ ቀረ ብለሽ ስትፈልጊ ነው የምትከርሚው። ኮፒ ከሆነ አሮጌው ባለበት አለ፣ እንደገና ትጀምሪያለሽ። ሲያልቅ ሁለቱም ጋ ፎልደሩ ላይ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ብለሽ የፋይሉን ብዛትና መጠኑን አስተያዪ። እኛ የተሰጠን የሾርትከት ክምር ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ በዚህ ብቻ ማጭበርበሩ ይታወቅ ነበር።

ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ብቻ አይበቃም። ዲ ድራይቭን፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደር (ደንበኛ የሚልክልሽ ሁሉ እዚያ ነው ያለው)፣ የብራውዘርሽን ቡክማርክና የይለፍ ቃሎች አትርሺ። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ የሰርግ ቪዲዮ ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ አይቀበልም፤ ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት አድርጊው። የጽሕፈት ቤት ፍላሽ የተማሪ ሁሉ ቫይረስ መሰብሰቢያ ስለሆነ አዲሱ ላይ ስትሰኪው ከመክፈትሽ በፊት በዊንዶውስ ዲፌንደር ፈትሺ። ፎልደሮችሽ ጠፍተው ሾርትከት ብቻ ካየሽም አትደንግጪ፤ ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው እንጂ አልጠፉም።

ስለ አዲሱ ላፕቶፕ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሻጩ ሲከፍተው በማን ኢሜይል ነው የከፈተው? ዊንዶውስ 11 ያላቸው ብዙ ማሽኖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩን በራሳቸው ይቆልፋሉ። የመክፈቻው ቁልፍ 48 አሃዝ ነው፤ የሚቀመጠውም በዚያ አካውንት ውስጥ ነው። ሻጩ በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ከሆነ ቁልፍሽ እሱ ጋ ነው ማለት ነው። ፋይል ከመገልበጥሽ በፊት በራስሽ አካውንት አስተካክዪውና ቁልፉን ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ቤት አስቀምጪ።

አሮጌውን ብር ያስፈልገኛል ካልሽ ሽጪው፤ ሃርድ ዲስኩን ግን አውጥተሽ አስቀሪ። ያለ ዲስክ አልገዛም የሚልሽን ሰው ተዪው። አዲሱ ላይ አንድ የሰኔ ሥራ ሳትሠሪበት ያንን ዲስክ ፎርማት አታድርጊ፤ የረሳሽው ፋይል የሚታወቅሽ ደንበኛው መጥቶ ሲጠይቅሽ ነው።

ፕሮግራሞቼ ያልሽው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራሙን ፒችትሪንም የሚጨምር ከሆነ የሱ አካሄድ የተለየ ነው። ፎልደሩን ብቻ ከመገልበጥ ከራሱ ከፒችትሪ ፋይል ሜኑ ውስጥ ባክአፕ ውሰጂ፣ አዲሱ ላይ ደግሞ ሪስቶር አድርጊ። አዲሱ ላይ የምትጭኚው ያው ቨርዥን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ መሆን አለበት፤ የቆየው ቨርዥን የአዲሱን ዳታ አይከፍትም። የአንቺ የስንት እንደሆነ ሄልፕ ውስጥ አባውት የሚለው ላይ ታገኚዋለሽ። እሱንና የመጫኛው ሲዲ እጅሽ ላይ መኖሩን እዚሁ ጻፊልኝ።