«ቅኝ ገዥ» በማን ላይ ያምፃል?

አንድ አባት ከሜሪላንድ ጽፈውልኛል። ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጃቸው ስለ አሜሪካ አብዮት እየተማረች ነው። የተማረችውን አዲስ አበባ ላሉት አያቷ በአማርኛ እንድትነግራቸው ብለው አብረው አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «በቅኝ ገዥዎቹና በገዥዎቻቸው መካከል የነበረው ውጥረት ወደ አብዮት አመራ።» አያትየው በስልክ ሰምተው «ቅኝ ገዥ ደግሞ ገዥ አለው እንዴ?» አሉ። የአባትየው ጥያቄ ሁለት ነው። እነዚያን ሰዎች ምን እንበላቸው? ያደረጉትስ ዐመፅ ነው ወይስ አብዮት?

አያትየው ልክ ናቸው። በአማርኛ ቅኝ ገዥ ማለት የሌላውን አገር የያዘ መንግሥት ወይም የዚያ መንግሥት ሹም ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ቅኝ ገዥው ለንደን ነው፤ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛና ፓርላማው። ስሕተቱ ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የአውሮፓውያኑ ቃል፣ «ኮሎኒስት» የሚሉት፣ ስሩ ላቲን ነው፤ መሬት ከማረስና ከመስፈር ነው የመጣው። ስለዚህ እነሱ ያንን ቃል ሲሉ መጀመሪያ የሚታያቸው ባሕር ተሻግሮ የሚያርሰው ሰው ነው። የእኛ «ቅኝ» ደግሞ ዘመዱ ግዕዙ ቀነየ ነው፤ አስገዛ፣ አሠራ፣ አገልጋይ አደረገ ማለት ነው። ዳዊት የደገመ ሰው «ተቀነዩ ለእግዚአብሔር በፍርሃት» የሚለውን ያውቀዋል፤ አማርኛው «ተገዙ» ይለዋል። የእነሱ ቃል ገበሬውን ያያል፣ የእኛ ቃል ተገዥውን። ሁለቱን ቃል በቃል ካገጣጠምናቸው ትርጉሙ ይገለበጣል።

ታዲያ «ቅኝ ተገዥዎች» ልንላቸው ነው? እኔ አልልም። ለእኛ ቅኝ ተገዥ ሲባል በገዛ አገሩ በባዕድ የተገዛ ሕዝብ ነው የሚታየን፤ ኬንያ፣ ኮንጎ፣ አልጄሪያ። እነዚህ ግን አብዛኞቹ ራሳቸውን እንደማንኛውም እንግሊዛዊ ባለሙሉ መብት አድርገው የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። እንዲያውም ለነባሩ ሕዝብ ራሳቸው መሬት ነጣቂ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1763 ንጉሡ ከአፓላቺያን ተራሮች ወዲያ ማዶ እንዳይሰፍሩ ሲከለክል ብዙዎቹ የተቆጡትም መሬቱን ስለፈለጉት ነው።

ስለዚህ የኔ ምርጫ «ሰፋሪዎች» ነው። ይህ ቃል ዛሬ በአገራችን ፖለቲካ ሰውን ማሸማቀቂያ ሆኖ ሲውል ስሰማ ያመኛል፣ ለቃሉም አዝንለታለሁ። ሰፈር ከዚያው ስር የወጣ ውብ ቃል ነው። ለዚህ ታሪክ ልክክ ይላል። አሁንም ከከበደዎት «የቅኝ ግዛቶቹ ነዋሪዎች» ይበሉ፤ ረዘም ይላል እንጂ ስሕተት የለበትም።

አሁን ወደ ውጥረቱ። ውጥረት ጥሩ ቃል ነው፤ ከበሮ ሲወጠር ያዩ ሰዎች የፈጠሩት ይመስለኛል። ግን በአማርኛ ውጥረት እንደ ሹፌር ይዞን ወደ አንድ ቦታ አይነዳም። ውጥረት ይነግሣል፣ ይባባሳል፣ ይረግባል። «ወደ አብዮት አመራ» የዜና ቋንቋ ነው፤ አያትየው እንዲህ አያወሩም። ነገር ይከርራል እንላለን፣ አብዮት ደግሞ ይፈነዳል።

የከረረው ለምንድን ነው? በገንዘብ ነው፣ በገንዘብ ብቻም አይደለም። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችውን የሰባት ዓመት ጦርነት በ1763 አሸንፋ ስትወጣ ትልቅ ዕዳ ተሸክማ ነበር። በ1765 ፓርላማው በሰሜን አሜሪካ ባሉት 13 ቅኝ ግዛቶች ላይ የቴምብር ቀረጥ ጣለ። (ውል ለማስመዝገብ ወረፋ የያዘ ሁሉ ይህን ስም ያውቀዋል፤ እዚህም ሌላ ትርጉም መፈለግ አያስፈልግም።) ጋዜጣው፣ ውሉ፣ የመጫወቻ ካርታው ሳይቀር ቴምብር ይለጠፍበት ተባለ። ሰፋሪዎቹ በለንደን ፓርላማ አንድም የመረጡት ሰው የለም። ያልተወከልንበት ምክር ቤት ቀረጥ ሊጥልብን አይችልም አሉ። በ1766 ቀረጡ ተነሣ፤ ነገር ግን ፓርላማው በዚያው ጊዜ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ሕግ ላወጣባችሁ እችላለሁ የሚል ሌላ ሕግ ደነገገ።

እዚህ ላይ አማርኛችን ከብዙ ቋንቋ በተሻለ የሚረዳን አንድ ቃል አለ፤ ገበረ። ገበረ ማለት ከፈለ ብቻ አይደለም። «ለእገሌ ገበረ» ሲባል ጌትነቱን ተቀበለ፣ ገባለት ማለት ነው። «አልገብርም» ያለ ሰው ኪሱን ብቻ አይደለም የዘጋው። የሻዩን ነገር ያለዚህ ቃል መረዳት ይከብዳል። በ1773 የወጣው የሻይ ሕግ ሻዩን አርክሶት ነበር! ግን ፓርላማው ቀደም ሲል በሻይ ላይ የጣላት ትንሿ ቀረጥ አብራው ስላለች፣ ያንን ርካሽ ሻይ መግዛት መገበር ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር፣ በፈረንጆቹ 16 ቀን፣ ቦስተን ወደብ ላይ 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ተደፋ። ለንደን ወደቡን ዘጋችው። በ1775 ሚያዝያ ቦስተን አቅራቢያ ባለችው ሌክሲንግተን ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ጦርነቱ ተጀመረ።

እንግዲህ ዐመፅ ወይስ አብዮት? ይህ ከተናጋሪው ጋር ይሄዳል። ዐመፀ በግዕዝ በደለ፣ ግፍ ሠራ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ላይም ዓመፃ ኃጢአት ነው። ዛሬ ቃሉ ለዘብ ቢልም ጥፋተኛው ተነሣሹ ነው የሚል ሽታ አለበት፤ የገዥ ቃል ነው። ሰፋሪዎቹ በ1775 ሐምሌ እንኳ የእርቅ ማመልከቻ ልከው ነበር፤ ንጉሡ አልቀበልም ብሎ በነሐሴ ዐመፀኞች ናቸው ሲል አወጀ። ንጉሡን ስትጠቅሱ «ዐመፅ» በሉ።

አብዮት ግን ከግዕዙ አበየ ነው፤ እምቢ አለ። ቃሉ በስሩ እምቢታ ማለት ነው። ከ1966ቱ (በእኛ አቆጣጠር) ወዲህ ለብዙዎቻችን ቃሉ ደርግን፣ እስርን፣ የልጅ ሬሳን ያስታውሳል፤ እናቶች ሲሰሙት ፊታቸው የሚለወጠው በከንቱ አይደለም። ስሩ ግን ያ አይደለም። ቴምብሩን እምቢ፣ ሻዩን እምቢ፣ በመጨረሻም በ1776 ሐምሌ 4 በፈረንጆቹ፣ ንጉሡን እምቢ። ከዚህ የበለጠ ቃሉን የሚሞላ ታሪክ አላገኘሁም።

ለልጅዎ እንዲህ ብዬ ጽፌላታለሁ፦ «ፓርላማው ሳያማክራቸው ቀረጥ ቢጥልባቸው፣ ሰሜን አሜሪካ ያሉት ሰፋሪዎች አንገብርም አሉ። ነገሩ እየከረረ ሄደና አብዮት ፈነዳ።» አያቷ «ከዚያስ?» ካሏት፣ ጦርነቱ በ1783 በፓሪስ ውል እንዳበቃ ትንገራቸው። ያንን ክፍል «የነጻነት ጦርነት» ትበለው።