መምህር፣ ጋቢናው ውስጥ ብቻዬን ነኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ተሳቢ ይዤ ረጅም መንገድ ስሠራ 11 ዓመት ሆነኝ። ረዳት የለኝም፣ ብቻዬን ነው የምነዳው። ቤቴን በወር ሁለት ሦስት ቀን ባየው ነው። ልጄ በስልክ የምትነግረኝ ነገር እያለቀባት መጥቷል። ጭነት ለማራገፍ ተራ ስጠብቅ ቀኑ ይመሻል። ከዚያ ደግሞ "የት ደረስክ?" የሚል ስልክ ይከተላል። በትንሹ በትልቁ እናደዳለሁ። ቅዳሴ ካስቀደስኩ ወራት አልፈዋል። ልጸልይ ስል ግድግዳ የማናግር ይመስለኛል። ብቸኝነት የሚሰማኝ እምነቴ ስለጎደለ ነው? ስጾም ደግሞ መሪ ላይ ያዞረኛል፤ ምን ላድርግ? ሌላም አለ። ሁለት ጊዜ፣ ሌሊት ላይ፣ "መሪውን ብለቀው ምን ይቀርብኛል" የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ የሚቀድመው እሱ ነው። ያን ሐሳብ አውጥተህ ስለጻፍከው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። እንደገና ከመጣብህ መኪናውን ከመንገድ አውጥተህ አቁም። ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ነቅለህ ውረድ። ከዚያ ደውል። ለሚስትህ፣ ለወንድምህ፣ ለንስሐ አባትህ፣ ለምታምነው ሹፌር፣ ማንም ይሁን። ሌሊት ነው፣ ሰው አስቸግራለሁ ብለህ አትፈር። የሚወድህ ሰው በሌሊት መቀስቀሱን አይቆጥርብህም። ስትደውል ደግሞ "ደክሞኛል" ብለህ አታለስልሰው። ለእኔ የጻፍከውን እንዳለ ንገረው።

ሐኪም ዘንድም ሂድ። በዚህ ሳምንት ሂድ፣ ጉዞው እስኪያልቅ አትጠብቅ። አንዳንድ ምእመናን ሐኪም ጋ መሄድን ጸበልንና ጸሎትን እንደመተው ያዩታል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ግን ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል። ጸበሉንም ጸሎቱንም ያዝ፣ ሐኪሙንም አትተው። የአእምሮ ሕመም እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት ሕመም ነው። የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ሞትን የተመኘኸው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። ነቢዩ ኤልያስ ከሰማይ እሳት ያወረደ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ በረሃ ገብቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና "ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ" አለ። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ አለ። እባክህ መኪናህን ያቆምክ ቀን ረጋ ብለህ አንብበው። እግዚአብሔር ኤልያስን አልተቆጣውም። "አንተን የመሰለ ነቢይ እንዴት እንዲህ ያስባል?" አላለውም። መጀመሪያ ያደረገለት ነገር እንዲተኛ መተው ነበር። ከዚያ መልአኩ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣና የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነው፣ ተነሥተህ ብላ አለው። ከዚያ በኋላ 40 ቀን ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። እግዚአብሔር ያነጋገረው እዚያ ነው። ብቻዬን ቀረሁ ሲል በኣል ለተባለው ጣዖት ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ የነገረው፣ የሚከተለውን ኤልሳዕን የሰጠውም እዚያ ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በልልኝ። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ እንደገና እንቅልፍ፣ ከዚያ ቃል፣ ከዚያ ሰው። ከድካምህ ብዛት የጸሎት ጣዕም ቢጠፋብህ የግድ እግዚአብሔር ርቆህ ነው ማለት አይደለም። ምናልባት ያልተኛህ ሰው ሆነህ ይሆናል። ተመራማሪዎች እንደለኩት ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ የሚወርደው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደግሞ ሹፌሩ ለ4 ሰከንድ ቢያንቀላፋ 90 ሜትር ያህል ያለ ሹፌር ይሄዳል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ የማረፍ ግዴታ አለበት። አንተ በምትሠራበት አገር ያለውን ሕግ አንተ ታውቀዋለህ። ሕጉ ቢላላ እንኳ "አትግደል" የሚለው ትእዛዝ አይላላም። እንቅልፍ ለማባረር ማነቃቂያ መውሰድም መፍትሔ አይደለም። ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም፤ ሲለቅህ ደግሞ ብሶ ይመጣል።

"ረዳት የለኝም" ብለሃል። ይህን ቃል ደጋግሜ ሳነብ ቆየሁ። በእናንተ ሥራ ረዳት ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ወርዶ ጎማ የሚያይ፣ ወደ ኋላ ስትመልስ ቆሞ የሚጠቁም፣ እንቅልፍ ሲመጣብህ የሚያወራህ ነው። መዝሙረኛው በመዝሙር 120 (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 121 ነው) "ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?" ይላል። "ረዳቴ ሰማይና ምድርን ከሠራ ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው" ብሎም ራሱ ይመልሳል። ቀጥሎ ያለውን ነው እንድትይዘው የምፈልገው፦ "የሚጠብቅህም አይተኛም።" እሱ አይተኛም። ስለዚህ አንተ መተኛት ትችላለህ። መኪናውን አስተማማኝ ቦታ አቁመህ፣ ይህን መዝሙር ደግመህ፣ አምነህ ተኛ። እንዲህ ያለው እንቅልፍ ራሱ እምነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ። ብቸኝነት መሰማቱ የእምነት ጉድለት ነው ወይ? አይደለም። "ሰው ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም አይደለም" የተባለው መቼ እንደሆነ አስተውል። አዳም ገና ሳይበድል፣ በገነት እያለ፣ ከፈጣሪው ጋር እየተነጋገረ ነው። እግዚአብሔር ከእሱ ጋር እያለ፣ ራሱ እግዚአብሔር ሰው ያስፈልገዋል አለ። ጌታችንም በጌቴሴማኒ "በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ" ብሎ ደቀ መዛሙርቱን ለምኗል። እነሱ ተኙ። "አብ ከእኔ ጋር ስለ ሆነ ብቻዬን አይደለሁም" ያለውም፣ ጓደኞቹ አብረውት እንዲነቁ የፈለገውም ያው አንድ ጌታ ነው። ድሮ ሰው "ብቸኛ ነኝ" ሲለኝ ቸኩዬ "እግዚአብሔር አለልህ" እል ነበር። እውነት ነው፣ አለ። ግን ያን ብዬ ዝም ስል ያ ሰው እንደመጣ ብቻውን ይመለስ ነበር። አሁን "ማን አለህ?" ብዬ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

አንተንም እጠይቅሃለሁ። ማን አለህ?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ታስታውሰዋለህ። እሱም የሩቅ መንገደኛ ነበር። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ በሠረገላ ይሄዳል። የንግሥት ባለሥልጣን፣ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ ነው። ፊልጶስ ቀርቦ "የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" ሲለው ሰውዬው አላፈረም። የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ። ከዚያም ፊልጶስ ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ለመነው ነው የሚለው። ባለሥልጣኑ መንገደኛ፣ በእግሩ የሚሮጠውን ሰው፣ እባክህ ወጥተህ አጠገቤ ተቀመጥ አለው። አንተም እንዲሁ ለምን። ጋቢናህ ውስጥ ሰው ጫን ማለቴ አይደለም። እንዳንተ መንገድ ላይ የሚውሉ ሁለት ሦስት ሹፌሮች ይኖራሉ። ማታ ማታ ስትቆሙ ተደዋወሉ። ንስሐ አባትህን "አባቴ፣ በሳምንት አንድ ቀን ልደውልልዎ" በላቸው። ብዙ ካህናት ይህን በደስታ ይቀበላሉ። እስኪደውሉልህ ከጠበቅክ ግን ላይመጣ ይችላል።

ልጅህን በተመለከተ ይህን ሞክር። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀን ተከፍሎ የተሰጠ ነው። ሰኞ የሚደግም ሰው ሁሉ የትም ይሁን የት የሰኞውን ነው የሚደግመው። አንድ ሰዓት ወስኑ። እነሱ ቤት፣ አንተ ቆመህ ጋቢና ውስጥ፣ የዕለቱን አብራችሁ ድገሙ። ስልኩን ክፍት አድርጋችሁ መሆን ይችላል። ልጅህ የምታወራህ ቢጠፋባት እንኳ አብራህ የምትለው አይጠፋም። ከዚያ ወዲያ ወሬው በራሱ ይመጣል። "ትምህርት እንዴት ነው?" ብቻ አትበላት። ቀኑን ያየኸውን አንድ ነገር አንተ ንገራት።

ግድግዳ የማናግር ይመስለኛል ስላልከው። አባ እንጦንስ፣ የመነኮሳት አባት፣ በበረሃ ተቀምጠው እንዲሁ ሆነው ነበር። ልባቸው ተሰላቸ፣ ሐሳብ ከበባቸው። "ጌታዬ፣ መዳን እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልለቀቀኝም፤ ምን ላድርግ?" አሉ። ወጣ ሲሉ እሳቸውን የሚመስል ሰው አዩ። ተቀምጦ ይሠራል። ከሥራው ተነሥቶ ይጸልያል። ተመልሶ ተቀምጦ ገመድ ይታታል። እንደገና ተነሥቶ ይጸልያል። መልአክ ነበር። "እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ" አላቸው። ልብህ እስኪሞቅ ድረስ ቆመህ ጸልይ አላላቸውም። ትንሽ ሥራ፣ ትንሽ ጸሎት፣ ትንሽ ሥራ።

ይህ ለሹፌር የተሰጠ ይመስላል። ስትቆም ጎማ ለማየት መኪናውን ትዞረው የለ? በዚያ ዙር አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያልቃል። ሞተር ከማስነሣትህ በፊት አማትብ። እየነዳህ ግን መጽሐፍ አትክፈት፣ ስልክ ላይ ጸሎት አታንብብ፣ ዐይንህንም አትጨፍን። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" የምትለው ጸሎት ዐይንንም እጅንም ሥራ አታስፈታም። ተራ ስትጠብቅም፣ ሰው ሲቆርጥብህም፣ አለቃ ሲደውልም እሷኑ በል። ቁጣው ወዲያው አይጠፋም። አፍህ ግን ከስድብ በፊት ሌላ ቃል ይለምዳል።

ስለ ጾሙ በአጭሩ። እያዞረህ አትንዳ። ለንስሐ አባትህ ሥራህ ስንት ሰዓት እንደሆነ በዝርዝር ንገራቸው። እንደ አቅምህ ሰዓቱን ያቀልሉልሃል። በራስህ ፈቃድ አትተወው፣ በራስህ ፈቃድም ሰው እስክትገጭ አትጨክን። መዛልህ ለብቻህ አይቀርም፣ ከፊትህ ያለው መኪና ውስጥም ልጆች አሉ። ብቸኝነት ሲበረታ እጅ ወደ ቅርቡ ነገር ይሄዳል፤ ወደ መጠጥ፣ ወደ ማያውቁት ሰው። በዚያ በኩል የወደቅክበት ነገር ካለ ንስሐ ግባ፤ እዚህ ልትጽፈው አይገባም።

ቅዳሴ ስለቀረብህ ታዝናለህ። ሐዘኑ ጥሩ ነው፣ አትጣለው። በምታልፍበት መንገድ ዳር ያለች ቤተ ክርስቲያን ካለች ሰዓቱ ሲገጥምልህ ግባ። አጥቢያህ ካልሆነ ቅዳሴው አይቆጠርም ያለህ የለም። አንድ ነገር ግን ላይነግሩህ ይችላሉ። በመስተብቍዓችን፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን በምታደርሰው የምልጃ ጸሎት ውስጥ፣ በእንተ ነጋድያን (ስለ መንገደኞች) የሚባል ጸሎት አለ። ነጋዲ በግእዝ መንገደኛ ማለት ነው። አንተ መሪ ይዘህ ስትሄድ ቤተ ክርስቲያን ስለ አንተ እየለመነች ነው። ባትሰማውም ስምህ እዚያ ውስጥ አለ።

የክርስትና ስምህን አልጻፍክልኝም። ላክልኝ። ሐኪም ዘንድ የሄድክበትን ቀንም ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።