በጾም የመጣ ገና

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በርገን፣ ኖርዌይ ከገባሁ ሰባት ወሬ ነው። ባለቤቴ የዚሁ አገር ሰው ነው። ዲሴምበር 24 ማታ ወላጆቹ ቤት እራት ተጠርተናል። እኔ ደግሞ የገናን ጾም እጾማለሁ። እናቱ ከአሁኑ ስለ ምግቡ በደስታ ያወሩልኛል። ትንሽ ቀማምሼ ልምጣ ወይስ አሞኛል ብዬ ልቅር?
አዲሷ ምራት

መልስ፦ እህቴ፣ አሞኛል አትበዪ። እኔ ብዬው አውቃለሁ። አማቴ በማግስቱ በሽተኛ ሊጠይቁ መጡ፣ ያውም ሥጋውን በፎይል ጠቅልለው! ከዚያ ወዲህ አልዋሸሁም።

እነሱ ዘንድ ዋናው በዓል የ24 ማታ ነው። በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፣ ከዚያ ማዕዱ ይቀርባል። ያ ቀን ለእኛ ታኅሣሥ አጋማሽ ነው፤ ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።

በርገን ስለሆንሽ የሚቀርብልሽ ፒኔሾት ሳይሆን አይቀርም። ጨው በልቶ የደረቀ የበግ ጎድን ነው። ድስቱ ውስጥ የበርች እንጨት ይረበረብና በእንፋሎት ለሰዓታት ይበስላል። ወደ ኦስሎ ቢሆን ኖሮ የአሳማ ጎድን ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሚፈትንሽ የበጉ ሽታ ነው።

አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሉተፊስክ አለ። የደረቀ ኮድ ዓሣ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ቀጥሎ በኮስቲክ ሶዳ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ሶዳው እስኪለቅ ለቀናት ይታጠባል። ሣህን ላይ እንደ ጄሊ ይንቀጠቀጣል። «ዓሣ አይደል እንዴ፣ ብዪ እንጂ» ይሉሻል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺ። ላዩ ላይ የሚፈሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ስብ ነው። ይኼንንማ ማንም አይፈቅድልሽም።

ይልቅ ዛሬውኑ ለእናቱ ደውዪ። ባልሽን አትላኪ፤ ወንዶች ነገሩን አሳጥረው «ሥጋ አትበላም» ይሉና ሴትዮዋ ወተትና ቅቤውን ይደረድሩልሻል። አንቺው ንገሪያቸው፦ እስከ ጃንዋሪ 6 ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። ድንቹ ለብቻው ይቀቀልልሽ። አንድ የጾም ወጥ ሠርተሽ ሂጂ፤ ግን ጥግ ይዘሽ ብቻሽን እንዳትበዪው፣ መሐል አስቀምጪው።

የሩዝ ገንፎም አለ፣ በወተት የሚሠራ። አንድ የአልሞንድ ፍሬ ይደበቅበታል፤ ያገኘ ሰው ከማርዚፓን፣ ማለትም ከአልሞንድና ከስኳር ሊጥ፣ የተሠራ አሳማ ይሸለማል። እኛ ቤት ደባቂዋ እኔ ነኝ። የማልበላ እኔ ብቻ ስለሆንኩ አታጭበረብርም ብለው ያምኑኛል።

ፒኔሾቱም አያምልጥሽ። ጥሬውን ያስቀሩልሽ፣ ደረቅ ስለሆነ ይቆያል። እኔ በእኛ ገና ዕለት ነው የምሠራው፤ አማቴም መጥተው ሁለተኛ ይበላሉ። ታዲያ ከዋዜማው ጀምረሽ ውሃ ውስጥ ንከሪው። የመጀመሪያ ጊዜ ረስቼው ጨው ስንልስ ዋልን።