ተክሉ ራሱ ለምን አልሞተም?

ሰሞኑን አንዲት የፋርማሲ ተማሪ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ለመመረቂያዬ ሥጋ በል ተክሎችን ልሥራ? አዲስ አንቲባዮቲክ ይገኝባቸዋል ይባላል» አለችኝ። ቶሎ መልስ አልሰጠኋትም። አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ። መልሱ ለሌሎቻችሁም ይሆናል ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

ወጣት ሳለሁ አውሮፓ ለትምህርት ሄጄ ድሮሴራ በሚባል ተክል ላይ ሠርቻለሁ። ቅጠሉ ላይ እንደ ጤዛ የሚያብረቀርቅ ሙጫ አለው። ትንኝ ካረፈችበት አለቀላት። አውሮፓውያን ለሳል መድኃኒትነት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በአገራቸው እየተመናመነ ሲሄድ ከማዳጋስካር ማስመጣት ጀመሩ። ውስጡ ፕለምባጂን የሚባል ብጫ ነገር አለ። ኮስቲክ ሶዳ ጠብ ሲልበት ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ይህን ለማየት ብቻ ያለ ሥራዬ ደጋግሜ ጠብ አደርግበት ነበር። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

አንድ ቀን ፕለምባጂን የጠጣ ክብ ወረቀት ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ አኖርኩ። በማግስቱ ወረቀቱን የከበበ ጥርት ያለ ቀለበት ታየ። ባክቴሪያው እዚያ ድርሽ አላለም። የዛሬ ልጆች ይህን ስታዩ ኮንትሮሉን፣ ማለትም ፕለምባጂን የሌለበትን ማነጻጸሪያ ወረቀት፣ ሳታዩ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ትለቃላችሁ። እኔ ደግሞ መድኃኒት አገኘሁ ብዬ ለቤተሰቤ ደብዳቤ ጻፍኩ። ያው ነው።

ከዚያ የሰው ሴል ላይ ሞከርነው። እሱም አለቀ። ፕለምባጂን ሴል ውስጥ ገብቶ ኦክስጅንን ወደ ጎጂ ዓይነት ይለውጣል። የማን ሴል እንደሆነ አይመርጥም። ኃላፊዬ «ይብቃን፣ ወደ ሌላ እንሂድ» አለ። ሄድን።

የሚቆጨኝ ይሄ ነው። በዚያ ክፍል ማናችንም «ታዲያ ተክሉ ራሱ ለምን አልሞተም?» አላልንም። ተክሉ ንጥረ ነገሩን ከስኳር ጋር አስሮ ማስቀመጥ ያውቅበታል። ስኳሩ ሲላቀቅ ነው የሚከፋው። ይህን ያነበብኩት በኋላ፣ የክኒን ጥራት ስቆጣጠር ነው። ደህና ደመወዝ ነበረው፣ አላማርርም። ግን በ2010 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ሳይ ቀናሁ። ኔፔንተስ የሚባለው ተክል እንደ ማሰሮ ያለ ወጥመድ አለው። እነሱ ከነፍሳት ቅርፊት የሚገኘውን ካይቲን ወጥመዱ ውስጥ ጨመሩ። ተክሉም ድሮሴሮን የሚባለውን የፕለምባጂን ዘመድና ሌላ መሰሉን ፈሳሹ ውስጥ አፈሰሰ። ሁለቱም ሻጋታና መሰል ፈንገስ ይገድላሉ፣ ሰውን የሚያሳምመውን ካንዲዳንም ጭምር። ተክሉ ምግቡ ሳይበላ እንዳይሻግትበት ነው የሚመስለው።

ሁሉም እንዲህ ነው እንዳትሉኝ። የሰሜን አሜሪካው ሳራሴኒያ ፑርፑሪያ ወጥመዱ ውስጥ ባክቴሪያ ያኖራል። የወደቀውን ነፍሳት የሚያብላሉለት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። እሱ ለምን ይገድላቸዋል? ተክሉ ምን እንደሚፈልግ ሳታውቁ «ፀረ ተሕዋስያን ነው» ብላችሁ ርዕስ አትጻፉ።

ለደወልሽው ልጄ፦ ድሮሴራ ፍለጋ ረግረግ ለረግረግ አትንከራተቺ። አሚራ የሚባለው ተክል እኛው አገር አለ። ነፍሳት አይበላም፣ ሥሩ ውስጥ ግን ያው ፕለምባጂን አለ። ከሰው ሴል ጀምሪ፣ ባክቴሪያው ይደርሳል። ሥሩን ስትወቅጪ ጓንት አድርጊ፤ ቆዳ ላይ ውኃ ያስቋጥራል።